በሐምሌ ጭቃ ሽርሽር

ተራራን ለደስታ ብሎ የሚወጣ ሰው በመጽሐፍ ብዙ አጋጥሞኛል። በአካል ያገኘሁት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጣሊያን ነበር፤ ያገኘሁትም ጣሊያን አገራችንን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ከነጻነት ወዲህ፣ በዚያ ዘመን አርበኛ ያልነበረ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። የጠየቅሁት ሁሉ ጫካ ነበርኩ ይለኛል። ጫካው ያን ሁሉ ሰው እንዴት እንደቻለው የሚያስረዳኝ ሊቅ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። እኔ ጫካ አልነበርኩም። ሸዋ ሮቢት፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጣሊያንኛውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ይዤ መጥቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነገር እንኳ መጽሐፍ ውስጥ ካላገኘሁት አላምነውም ነበር።

የምናገረው ስለዚያ ጣሊያን ነው፤ ወይም ስለ አንዲት እናት ነው። የማንኛቸው ታሪክ እንደሆነ መወሰን አቅቶኝ፣ ጠጉሬ ገብስማ እስኪሆን ሳልጽፈው ቆየሁ። አሁንም አልወሰንኩም።

ሰውየው መንገድ ቀያሽ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ። ሌሎቹ ጣሊያኖች ካርታ ሲጫወቱ እሱ ወንበሩን ወደ ምዕራብ አዙሮ የደብረ ሲናን ገደል ያያል። ቆላ ተቀምጦ ደጋውን ማየት ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ሸዋ ሮቢት ወባ የያዘው ሁሉ ወደዚያ ያያል። እሱ ግን ደህና ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠራኝና፣

«ነገ እሑድ ነው፤ ተራራ እንውጣ» አለኝ።

«ምን ልናመጣ?»

«ምንም።»

«ማንን ልናይ?»

«ማንንም። እንወጣለን፣ ደኑን እናያለን፣ ምሳችንን እንበላለን፣ እንወርዳለን። በእኛ አገር እሑድ እሑድ እንደዚህ ነው።»

የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ካምፑ ውስጥ የነገርኳቸው የአገሬ ልጆች ሁሉ «አብዷል» አሉ። ሁሉም ያንን ስላሉ ብቻ ሰውየው ትክክል መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ይህ ጠባዬ በሕይወቴ ብዙ አስከፍሎኛል፤ ግን ሁሉም የተስማማበት ነገር እውነት ሆኖ ያገኘሁት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ አልተውኩትም።

ወቅቱ አልነበረም። ሐምሌ ነው። ሰው ስለ ጦርነት ሲያወራ የሚረሳው ነገር ቢኖር ጦርነትም ክረምት እንዳለው ነው። ሮቢ ወንዝ ሞልቷል፣ ባሩዱ ረጥቧል፣ አርበኛው ጥሻው ውስጥ ጣሊያኑ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ያንኑ አንድ ዝናብ ያያሉ። የካምፑ አዛዥም የፈቀደው ለዚሁ ነው፤ «በዚህ ወር ማን ይተኩሳል?» አለ። ቀያሹ ሽጉጡን እንኳ አልያዘም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ወደ ተራራ በሽጉጥ አይወጣም» አለኝ፤ ይህን ያለኝ አገሬን በመድፍ የያዘ መንግሥት ሠራተኛ ነው።

ማለዳ የካምፑ ካሚዮን ከደብረ ሲና በታች፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደን የሚያስገባው የእግር መንገድ ከሚጀምርበት አወረደን። ማታ ከዚያው ሊወስደን ተቀጣጠርን። ቀያሹ ጫማው ሚስማር የተመታበት ነው፤ ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ ይዟል፤ ጀርባው ላይ ባዘለው ቦርሳ ጎን የቆርቆሮ ሳህን ተንጠልጥሎ በየእርምጃው ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ የከተማ ጫማ አድርጌ ነበር። ስለ ተራራ መውጣት ያነበብኩት መጽሐፍ ስለ ጫማ ምንም አይልም።

ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ፣ አንድ ሽማግሌ ገብስ የጫነ አህያ እየነዱ ቁልቁል መጡ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ከደብረ ሲና ገበያ አድረው ቀወት ወዳለው መንደራቸው የሚወርዱ የቆላ ገበሬ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ። ከየት ነው?»

«ከሸዋ ሮቢት።»

«ወዴት ነው ታዲያ፣ በዚህ ጭቃ?»

በይፋት መንገድ ላይ ሁለት ሰው ዝም ተባብሎ አይተላለፍም። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ለምን ትሄዳለህ፤ ሦስቱን ሳይመልስ ያለፈ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሰላይ። ጣሊያን አስከትሎ «የትም፣ ለምንም» ያለ ደግሞ የባሰ ነገር ነው። ለመንግሥት ሥራ ብል መሬት ሊለኩ መጡ ተብሎ አገር ይሸበራል። የታመመ ልንጠይቅ ብል ማን እንደታመመ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ማንም ለምን ብሎ የማይጠይቀውን አንድ ጉዳይ መረጥኩ።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው» አልኩ።

ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማንም ለምን አይለውም፤ ይህ ልክ ነው። ብቻውን እንዲሄድም ማንም አይተወውም፤ ይህን ነበር የረሳሁት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሽማግሌው፣ አህያቸውን አቁመው። «የማን?»

«የ… የዚህ የፈረንጁ ወዳጅ ነው። እኔ እንኳ አላውቀውም።»

«እዚህ ላይ?»

«ላይ ነው።»

«ከደኑ ሥር ካሉት ቤቶች?»

«እንደዚያ መሰለኝ።»

ሽማግሌው ቀያሹን ከጫማው እስከ ባርኔጣው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የዚያች የምስኪን ልጅ እንዳይሆን? አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላት። አምና ጫካ ገባ። ሹሙ እስከ መስቀል ካልገባ ቤትሽን አቃጥላለሁ ብሏታል። እሱን ገድላችሁት ነው?»

«አይደለም ጋሼ! አይደለም፣ እሱ አይደለም!»

ቶሎ ካድኩ። በኃይል ካድኩ። በሌላ አገር እንዲህ የካደ ሰው ይታመን ይሆናል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ቀስ በቀስ መጥቶ ደጅ ከሞላ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጨዋ ሰው ሁሉ ይክዳል። «ደህና ነው፣ ትናንት እንኳ ሰላም ብሎሃል» ይባላል። ስለዚህ «አልሞተም» የሚለው ቃል በሰላም ጊዜ ማንም የማይናገረው ቃል ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ተናገርኩት።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው «አወይ!» አሉ። አህያዋን ይዘው ወደ መጡበት አዞሯት።

«ኧረ ጋሼ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ መንገድዎ ሩቅ ነው።»

«ምን ትላለህ አንተ? ክርስቲያን ስለሆነች? ያባቴ ቀብር ላይ አፈር ሲዝቅ የዋለው ባሏ ነው። ሂዱ እናንተ ቀስ ብላችሁ፤ እኔ በአቋራጩ ቀድሜ ሰው ልሰብስብ።»

አህያቸውን እየገፉ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

«ምን አለ?» አለኝ ቀያሹ።

«እንዴት አደራችሁ አለ።»

«ይህን ያህል ረጅም ነው?»

«በአማርኛ ረጅም ነው።»

«ለምን ተመለሰ?»

«የረሳው ነገር አለ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ምን ዓይነት ሁለት ሰዓት እንደነበረ ዛሬም መናገር ይቸግረኛል። መመለስ ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? «ሲኞሬ፣ አንድ ሰው በስህተት ስለገደልኩ እንመለስ» ልለው ነው? ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይል ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ያልፈናል፤ ከፍ ስንል ቆላው ለአንድ አፍታ ተገልጦ የሮቢ ውሃ እንደ ቀይ ክር ይታይና ተመልሶ ይከደናል። አንድም መንገደኛ የለም፤ የሳህኑ ቋ፣ ቋ ማለት ብቻ ነው። ቀያሹ በየመታጠፊያው ይቆምና ኮሶውን፣ ወይራውን፣ የበቀለውን የድንጋይ ሽበት ሳይቀር እየዳሰሰ ያያል። ፊቱ እንደ ሕፃን ሆኗል። እኔ አንዴ ሽማግሌው እንዳይደርሱ እጸልያለሁ፤ አንዴ ይህ ዛፍ ምን ይባላል ብሎ ሲጠይቀኝ በኩራት እመልሳለሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በእኔ በአንዱ ጫማ ውስጥ እንዴት እንደተስማሙ አላውቅም።

ከደኑ ሥር ያሉት ቤቶች ሰባት ወይም ስምንት ናቸው። ስንደርስ ደጅ ላይ፣ ካፊያ ላይ፣ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረዋል፤ ወንዶቹ ኩታቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አያለቅስም። ሽማግሌው ከወንዶቹ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አላየኝም ለማለት መሬት መሬት ያያሉ። አህያቸው ከነጭነቷ ጥግ ቆማለች።

ቀያሹ ባርኔጣውን አወለቀ። «የእሑድ ስብሰባ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

ሴትየዋ አልተቀመጠችም። ከቤቷ ጀርባ ዶማ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። ጎርፉ ግድግዳዋን እንዳይበላው ቦይ እየቆፈረች ነበር፤ ለመስቀል ሊቃጠል ቀጠሮ የተያዘለትን ቤት ከውሃ ታድናለች። ደጇ ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ አየች። ጥለቶቹን አየች። ቀያሹን አየች። ዶማውን ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወደ እኔ መጣች።

«ንገረኝ» አለች።

«እትዬ፣ ምንም የለም።»

«ንገረኝ፤ ቀን አታጥፋብኝ።»

«ምንም የሆነ ነገር የለም። ማንም አልሞተም።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሌሎቹ ተከተሉ።

«እናቴ ትሙት! ማንም አልሞተም!»

«እናትህን ተዋት፣ ትኑርልህ» አሉ አንዲት ባልቴት። «ለመርዶ የተማለ መሐላ አይደርስባትም። አንተም የታዘዝከው ነው።»

እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ይህ ፈረንጅ ተራራ መውጣት እንደሚወድ፣ በአገሩ እሑድ እሑድ ሰው ያለ ጉዳይ ተራራ እንደሚወጣ፣ ለመንገደኛ ይህን መናገር አፍሬ ለቅሶ ነው እንዳልኩ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ሰው አላሳዘንኩም። ሁሉም በርኅራኄ ያዩኝ ጀመር።

«በሐምሌ?» አሉ ሽማግሌው በቀስታ። «በዚህ ጭቃ? ለምንም? ልጄ፣ ከሰማይ በታች ስንት ውሸት አለ፤ ሌላ ምረጥ።»

ሴትየዋ ዓይኗን ከእኔ አንሥታ ቀያሹ ላይ አሳረፈች።

«እሱን ጠይቀው። ፈረንጅ መርዶ መደበቅ አያውቅም፤ ቀጥ አድርጎ ይናገራል ይባላል። ልጄ ሞቷል ወይ በለው።»

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ዛሬም አላውቅም፤ ጥሩ ይሁን ፈሪነት። ልጇ ጫካ መሆኑን ሹሙ ያውቃል፣ ካምፑ ያውቃል፤ ቀያሹ ራሱ ይወቅ አይወቅ ግን አላውቅም ነበር። ስለዚህ በጣሊያንኛ፣ «ለምን እንደመጣህ ትጠይቅሃለች» አልኩት።

ቀያሹ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ጎንበስ አለላትና «ደኑን ለማየት ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም» አለ።

ተረጎምኩ። ቃል በቃል።

«አይ!» አሉ ሽማግሌው። «ይኼስ ለምዷል!»

«ከእኛ ጋር ኖሮ ምን ሌላ ይማር!» አለች አንዷ ሴት፤ አጠገቧ ያለችው ልትስቅ ብላ ለቅሶ ላይ መሆኗን አስታውሳ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሴትየዋ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። የቀያሹን ጫማ፣ ዘንጉን፣ ከቦርሳው ጎን የተንጠለጠለውን ሳህን አንድ በአንድ አየች።

«መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው ሳህን አንጠልጥሎ ይመጣል?» አለች፣ ለማንም ሳትል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጫካውን ሳያይ አይመለስም?»

«አይመለስም እትዬ።»

«ማን ይመራዋል?»

«ማንም።»

«እኔ እመራዋለሁ።»

ቤቷ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ነጠላዋን ደርባለች፤ ጥለቱ እንደ ወትሮው ወደ ታች ነው። ጎረቤቶቿ ተነሥተው ሊይዟት ሲሉ እጇን ዘረጋች።

«ተቀመጡ። ተመልሼ እስክመጣ ድረስ ማንም እንዳያለቅስ።»

ቀያሹ የአገር ሰው ሊመራው መሆኑን ስነግረው ደስታው ወሰን አጣ፤ እጇን ካልጨበጥኩ አለ። ጭቃ የሆነ እጇን ሰጠችው።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ዝናቡ ቆመ፤ ወይም ዛፎቹ ያዙት። ጥዱና ዝግባው ከድሮ ነገሥታት ጀምሮ ምሳር የተከለከለባቸው ናቸው፤ ቁመታቸውን ጉሙ ስለቆረጠው ግንዱ ብቻ ይታያል። እሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላዋ፣ እሱ ከሁላችን ኋላ እየቆመ እየተራመደ።

«ለምን መጣሽ እትዬ?» አልኳት።

«ከፊት እኔ ባልሆን፣ ፈረንጅህን በጥይት ጥለውት ብቻህን ነበር የምትወርደው። ብትወርድ።»

«እነማን?»

«ዝንጀሮዎቹ» አለች፤ ዞራም አላየችኝ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግንድ ጀርባ ሰው ያለ መሰለኝ። ደግሞ ማንም የሌለ መሰለኝ፤ የሚያስፈራውም ይኸኛው ነበር። ሰው ካለ ልጇ ሊኖር ይችላል። ማንም ከሌለ እንግዲህ እኔ በመንገድ ላይ ያልኩት ነገር ልክ ሊሆን ነው። አንድ ውሸት ተናግሬ እውነት እንዳይሆንብኝ ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ቆመች። አራት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ አይከበውም። በጎኑ፣ ከሰው ደረት ከፍታ ላይ፣ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ አለው። ቀያሹ ሲያየው እንደ ጸሎት ያለ ነገር አጉረመረመ። ቦርሳውን አውርዶ፣ ሩቅ ሄዶ ግንድ ላይ ተቀመጠና ደብተሩን አውጥቶ ዛፉን ይሥል ጀመር።

እሷ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ እጇን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደች። ያወጣችው ትንሽ የቆዳ ስልቻ ነበር። አገላበጠችው። ተጣጥፎ፣ አፉ በጠፍር ታስሯል።

«ከሰኔ በፊት በሶ ሞልቼ ያስቀመጥኩት ነው» አለች። «ክረምቱ ከገባ መምጣት አልቻልኩም፤ የሹሙ ሰዎች መንገዱን ይጠብቃሉ። ዛሬ ፈረንጅ ይዤ ማን ይጠይቀኛል?»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ጦጣ በልቶት ሊሆን ይችላል እኮ» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ምናልባት ከንቱ ተስፋ እንዳልሰጣት ብዬ ይሆናል።

ቋጠሮውን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። «ጦጣ በልቶ አይቋጥርም» አለች።

«ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከነጠላዋ ሥር ሌላ ሙሉ ስልቻ አወጣችና ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች፤ ባዶውን ደበቀች።

«አንተ ምንም አላየህም።»

«አላየሁም።»

«መካድስ ታውቅበታለህ» አለች፤ ያን ቀን ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ቀያሹ መጥቶ ጉድጓዱን እያየ «ምን ታደርጋለች?» አለኝ። ለእሷ ነገርኳት። ወዲያው «አድባር ነው በለው። ይህን ዛፍ የጎበኘ ሁሉ የሚበላ ነገር ይተዋል በለው» አለችና አማተበች፤ የተናገረችው ለእግዜር ደስ እንደማይለው ታውቃለች። ተረጎምኩ። ቀያሹ በአክብሮት ቦርሳውን ከፍቶ ዳቦውን ቆረሰ፣ ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ ሙሉውን፣ ጠንካራውን አይብ ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጉድጓዱ ውስጥ አኖረ። ወደ እኔ ሳያይ «ብዙ ዝናብ ነው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ስንት እንደገባው፣ ከዚያ በኋላም አብሬው በሠራሁባቸው ወራት ልጠይቀው ብዬ አልደፈርኩም። ምሳችን ያ ነበር፤ እኛ ጾማችንን ዋልን።

ስንወርድ ከፊት ከፊት ሄደች። ቤቶቹ ከመታየታቸው በፊት ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

«እናንተ ዘንድ የሞተ ሰው ይፈለጋል?»

«አይፈለግም።»

«ቤቱስ ይቃጠላል?»

«የሞተ ሰው ቤት ማቃጠል ምን ይጠቅማቸዋል? ስሙ ይሠረዛል።»

«ማን ነው የሚያሠርዘው? አንተ?»

«የኔን ቃል ማንም አይሰማም እትዬ። ሹሙ ቢልም ገንዘብ በልቶ ነው ይላሉ።»

«እሱ ቢልስ?» በአገጯ ቀያሹን አሳየችኝ።

«እሱ ለቅሶውን በዓይኔ አየሁ ካለ ያምኑታል።»

«እሺ» አለች።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረች፤ አደገደገች። ከዚያ ሻሿን ፈታ ጠጉሯን በተነችና ጮኸች። ያንን ጩኸት የሰማ ሰው ቋጠሮ ምን እንደሆነ ይረሳል። ታች ያሉት ሰዎች፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትእዛዟን አክብረው ሳያለቅሱ የጠበቋት፣ እንደ አንድ ሰው ተነሥተው ተቀበሏት። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላሉ። ሲያዩኝ ዕንባቸውን ጠርገው «አላልኩህም? መካድህ ደግ ነው፤ ወጉ ነው» አሉኝ።

ከመካከል ገብታ ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርድ ጀመር፤

«እናት ምን ትበላ፣ ልጅ ጫካ ገብቶባት፣
ዝናብ ብቻ ቀረ፣ ደጇን የሚመታላት።»

ሴቶቹ እየተቀበሉ ያለቅሳሉ። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሚያየኝ ሰው ብዬ አልነበረም። ስልቻውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠፍሩን አይቻለሁ፤ ቢሆንም ለቅሶዋ ሲበረታ፣ ቋጠሮውን የቋጠረው የሌላ ሰው እጅ መሆኑን እሷ ዳስሳ አውቃ ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። ልትደብቀው የፈለገችው የልጇን መኖር ነው ወይስ ከእኔ የደበቀችው ሞቱን ነው? ሁለቱም ቢሆን የምታለቅሰው ይህንኑ ለቅሶ ነው።

ቀያሹ ባርኔጣውን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ዝናቡ መላጣው ላይ ይወርዳል።

«ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

«ልጇ።»

«መቼ?»

«አሁን ነው የተነገራት።»

«ከእኛ ጋር አልነበረችም እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። እሱ ቆሞ ሴትየዋን አያት፤ ከዚያ ከደረት ኪሱ ደብተሩን አወጣ፤ ዛፉን የሣለበትን ገጽ ገልጦ፣ ከኋላው ባለው ባዶ ወረቀት ላይ እርሳሱን አሳረፈ።

«ስሙ ማን ነበር?»

ቀና ስል ሴትየዋ እያየችን ነው። እጇ ደረቷን መምታቱን አላቆመም፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ፤ ሴቶቹ የደከማት መስሏቸው ደገፏት። የልጇን ስም ከነአባቱ ስም፣ አልቃሾቹ ሲጠሩት እንደሰማሁት፣ ቀያሹ እንዲጽፈው ቀስ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ተሳስቼ እንደሆነ ለማወቅ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ለቅሶዋን ቀጠለች።